ሦስት ቆርኪ፣ ሠላሳ አንድ ቆርኪ

ጥር 6 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

በዚህ አገር ስለ ነዳጅ ሴል ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ የለም። እሺ፣ በዚህ ከተማ ልበል። እሺ፣ በዚህ ግቢ። ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ያሉት የበር ጠባቂው፣ ሁለት ድመትና አንድ ሺህ ካርቶን ቅቤ ስለሆኑ በዚህኛው እንኳ የሚከራከረኝ አይኖርም።

እንደምን ከርመሻል? አስተማሪዬ እንዳስተማረችን ከሆነ ሰላምታው መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ግን ጉራዬ ቀድሞ ወጣ፣ በእስክሪብቶ የወጣ ደግሞ አይዋጥም። ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰላምታዬን እዚህ አስገብቼዋለሁ። ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ግራ ትከሻዬ እንደምታውቂው ነው፤ አንቺን ትምህርት ቤት ለመላክ ጆንያ የተሸከምኩበት ስለሆነ እስከዛሬ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ በትሕትና ይኖራል። ከሰውነቴ ትሑት የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። አስተማሪዬ አጠገቤ ቆማ አላጻፈችኝም። ቆማ ነበር፣ ግን አላጻፈችኝም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የማታ ትምህርት የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ከወንዶቹ። ወንዶቹ አራት ነበርን። ስልክ ስደውልልሽ «ቀልድህን ሳይሆን ቃልህን ነው የምፈልገው፣ ጻፈው» ብለሽ ስለዘጋሽብኝ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችሁ ያጠራቀመውን ገንዘብ አክሲዮን ሊገዛበት እንደሆነ፣ ሦስት የነዳጅ ሴል ኩባንያዎችም ተፎካክረው እንደቀረቡላችሁ ነግረሽኛል። ከሦስቱ የሁለቱ ማሽን ለሙከራ እኔ በምጠብቀው የጄኔሬተር ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት መቆሙን ስትሰሚ በስልክ የጮኽሽው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጓደኞችሽ «የነዳጅ ሴል ምንድን ነው?» ካሉ እንዲህ በያቸው። ቁመቱ የልብስ ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ነው። ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ከሲሊንደር ይበላል፣ አየር ይተነፍሳል፣ መብራት ይሰጣል። የሚጥለው ቆሻሻ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጠብ ጠብ ይላል። አያጨስም፣ አይጮህም፣ ዘይት አይተፋም። እንዲህ ያለ አማች ቢመጣ ልጃችንን ያለ ጥያቄ እንድርለት ነበር። መብራት ሲጠፋ የቅቤ መጋዘኑን የሚያቀዘቅዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ተራ በተራ ይሠራሉ። ሁለቱም ካቃታቸው የእኔ የድሮ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ። ሽማግሌው እለዋለሁ። ጎረቤት እስኪሰማ እያሳለ ይነሣል፣ ግን ይነሣል።

አንደኛው ኩባንያ ማሽኑን ነጭ ቀብቶታል፤ ነጩ እንበለው። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው። ሦስተኛው ማሽን የለውም፣ የላክሽልኝ መግለጫ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ወረቀቱ እንበለው። በመግለጫው ላይ አንዲት ሴት ማሽኑን ተደግፋ ባሕር ዳርቻ ላይ ትስቃለች። ሽቦው የት እንደሚገባ ፈለግሁ፤ ሽቦ የለውም። ሴትዮዋ ምን እንዳሳቃት አሁን ገባኝ።

ምስክሬ ይኸውልሽ። ማንበብ ሳልችል በፊት የራሴ መዝገብ ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ባዶ የወተት ጣሳ አስቀምጬ፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር አንድ የለስላሳ ቆርኪ ጣል አደርጋለሁ። ጣሳ አይረሳም፣ አይዋሽም። ትናንት ቆጠርኩ። የሰማያዊው ጣሳ ሠላሳ አንድ ቆርኪ አለው። የነጩ ሦስት። ሦስት ብቻ፣ በሁለት ዓመት! በነጩ መግለጫ ገጽ አሥራ አንድ ላይም «በሁለት ዓመት ሙከራ ሦስት ጊዜ ብቻ ቆሟል» ይላል። ራሴ አነበብኩት። ስለዚህ ለሴቶቹ «ወንድሜ ነጩን ግዙ ብሏል» በያቸው። የማሽን ሕመም በድምፁ ስለምለይ እዚህ «ጆሮው» እያሉ የሚጠሩኝ በከንቱ አይደለም።

ወንድምሽ

ጥር 21 ቀን

ለጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለስፌት ክፍሉ፣ አንዴ ደግሞ እያለቀስኩ። ሦስተኛውን ለማንም አትንገርብኝ። «ሃይድሮጂን» የምትለውን ሳትሳሳት መጻፍህን የእኛ ጸሐፊ አይታ ቀናች።

አሁን ቀልዱን ተወውና ስማኝ። የማኅበሩ አባላት ስድሳ ሁለት ነን። ገንዘቡን ሃያ ዓመት ከሳምንት ክፍያችን ቀንሰን ነው ያጠራቀምነው፤ ዓይናችን መርፌ ማየት ሲያቅተው የምንኖርበት ነው። ከመካከላችን ሦስቱ ከወዲሁ ክር ማስገባት አቅቷቸው እኔ ነኝ የማስገባላቸው። ባንክ ተቀምጦ ዋጋው በየዓመቱ እየሟሸሸ ስለሆነ ነው ወደ አክሲዮን ያየነው። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። ገንዘቡ ከጠፋ በየማለዳው ስድሳ አንድ ሴት ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።

ገንዘብ ያዧ ወረቀቱን ትደግፋለች። የሳቀችው ሴት የለበሰችው ቀሚስ ስፌቱ ደስ ብሏታል። እኔ ያንተን ነጭ እደግፋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቆርኪው ስንቴ እንደቆመ እንጂ ለምን እንደቆመ አይናገርም። በስልክ እንደነገርከኝ ቴክኒሻኖቹ ሁልጊዜ የሚሞሉት መዝገብ አለ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአውራ ጣትህ ስትፈርምበት የኖርከው። አሁን ማንበብ ትችላለህ። ክፈተውና ያለውን ጻፍልኝ። ድምፅ የምንሰጠው የካቲት 30 ነው። ደግሞስ በደንብ ትበላለህ? መነጽርስ አያስፈልግህም?

እህትህ

የካቲት 4 ቀን

ለእህቴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራ ባይበዛብኝም ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ፣ በስልክም ዝም አልሽ። ልጅ ሆነሽ ስታኮርፊ እንደምልሽ፣ ጠግበሽ ነው ወይስ ሞተሽ ነው ዝም ያልሽው?

ለጠየቅሽው ለሁለተኛው ነገር መልሴ «አዎ፣ በደንብ ነው የምበላው» ነው። ለሦስተኛው ደግሞ፣ አይ፣ መነጽር አያስፈልገኝም። አንድ ቀን የአስተማሪዬን ተውሼ ሞክሬው ነበር፤ ሁሉም ነገር ጠርቶ ስለታየኝ ደንግጬ መለስኩላት።

ስለ መዝገቡ። ከጓዳው አውጥቼዋለሁ። ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አቧራውን ጠርጌዋለሁ። እስካሁን የደረስኩበት ይኸው ነው።

አትሳቂ። አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምትጽፈው ፊደል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቴክኒሻኖቹ ፊደል ግን ተጋድሞ ይሳባል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይተኛል። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት፤ እሱም አፈጠጠብኝ። እውነቱን ልንገርሽ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየገጹ ግርጌ የእኔ አውራ ጣት ተቀምጣለች። ምን ላይ እንደተቀመጠች ሳላውቅ። አሁን የፈረምኩበትን ማንበብ ፈራሁ። ምናልባት «ይህ ሰውዬ አህያ ነው» የሚል ላይ ይሆናል የፈረምኩት።

ግን አትጨነቂ። ጣሳዎቹ አሉ። ነጩ አሁንም እንደ ሙሽራ ዝም ብሎ እየሠራ ነው።

ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ። ትንሽ ነገር ናት። ምን እንደሆነች ሳላረጋግጥ አልጽፍልሽም።

ወንድምሽ

የካቲት 12 ቀን

ጋሼ፣

አጭር ነው፤ ማሽኔ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትንሿ ነገር ምንድን ናት? እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፎ ወረቀቱን አጥፎ ይላካል? ሰው ልብሱን ግማሽ ሰፍቶ ያለብሳል?

ልነግርህ የሚገባ ሌላም አለ። ጸሐፊዋ የመጀመሪያ ደብዳቤህን አባዝታ ለሁሉም አደለችው። አሁን ከስድሳ ሁለታችን አርባ አንዱ «የሊቀመንበሯ ወንድም ጣሳው አይዋሽም ብሏል፣ ነጩን እንግዛ» ይላሉ። አንዷ ቆርኪ እየሰበሰበች መርፌ የሰበረ ሰው ባለ ቁጥር ጣሳ ውስጥ መጣል ጀምራለች። ዝነኛ ሆነሃል፤ ደስ ይበልህ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። አርባ አንድ ሴት በአንተ ቃል ላይ ቆማለች። ስለዚህ የምታውቀውን ንገረኝ፣ የማታውቀውንም አላውቅም በለኝ።

እህትህ

የካቲት 20 ቀን

ለእህቴ፣ ከእሷም ጋር ለስድሳ አንዱ፣

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም አንብቢላቸው። የመጀመሪያውን እንዳባዛችሁት ይህንንም አባዙት። በመጀመሪያው የጻፍኩትን ምክር መልሼ ወስጃለሁ። ጣሳው አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያልተናገረውን ያናገርኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እሑድ ማለዳ ግቢው ጭር ሲል መዝገቡን ከፈትኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ለማንበብ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለተኛውን አንድ ሰዓት። ከአሥረኛው በኋላ የቴክኒሻኑን የእጅ ጽሑፍ እንደ ሳሉ ለየሁት። አህያ የሚል የለም። ፈልጌ ነበር።

መዝገቡ በየሰኞው የሁለቱን ማሽን ጉልበት በቮልት ይጽፋል። ቮልት ማለት መብራቱን የሚገፋው ጉልበት ነው። የሰማያዊው ዓምድ እንዲህ ይሄዳል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሃምሳ ሁለት፣ ባለፈው ሰኞ ሃምሳ አንድ። በሁለት ዓመት አንድ ብቻ ወረደ። የነጩ ግን ከሃምሳ አራት ጀምሮ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አንድ፣ አርባ ዘጠኝ እያለ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ወደ አርባ ስድስት ይወርዳል። ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ሃምሳ አራት! ትንሿ ነገር የምልሽ ይቺ ነበረች። ወራት ሙሉ ሲደክም የኖረ በአንድ ሳምንት እንዴት ጎረምሳ ይሆናል? ዝላዩን ገጽ በገጽ ፈለግሁት። ሦስት ጊዜ ዘልሏል። ሦስት።

ጣሳውን አየሁት። ሦስት ቆርኪ።

«ምክንያት» የሚለውን ዓምድ አነበብኩ። በሦስቱም ላይ ያው ቃል ነው፤ «ስታክ ተቀየረ»። ስታክ የሚሉት የማሽኑን ልብ ነው፤ ስስ ሳህኖች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው መብራቱን የሚወልዱበት። የማሽኑ ግማሽ ዋጋ እሱ ነው። ነጩ በሁለት ዓመት ሦስት ልብ ጨርሷል፤ አሁን በአራተኛው ነው ያለው።

እኔ የት ነበርኩ? ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ። ሻይ ቤት ነበርኩ። የነጩ ቴክኒሻን ከመኪና ጋር በመጣ ቁጥር «ጋሼ ጆሮ፣ ዛሬ ሰርቪስ ነው፣ አንተ አረፍ በል፣ ሻይ በእኔ ነው» ይለኝ ነበር። ስመለስ ማሽኑ እየሠራ አገኘዋለሁ፤ ለቆመበት አንድ ቆርኪ ጣል አደርጋለሁ። በሁለት ዓመት ሦስት ሻይ። አክብሮኝ መስሎኝ ለበር ጠባቂው ስፎክርበት ኖሬያለሁ።

ሰኞ ቴክኒሻኑ መጣ። መዝገቡን ከፍቼ ጠበቅሁት።

«ይቺ ምን ትላለች?» አልኩት፣ ጣቴን አስቀምጬ።

«ጋሼ ጆሮ፣ አንተ ደግሞ መቼ ማንበብ ጀመርክ?»

«ሻይ ቤት ሳለሁ። ምን ትላለች?»

«ያው ሰርቪስ ናት እኮ።»

«ልብ መቀየር ሰርቪስ ከሆነ ቀብርም እረፍት ነው» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። ክፉ ልጅ አይደለም። መዝገቡ ላይ እውነቱን የጻፈው እሱው ነው፤ የሚያነበው ሰው ስላልነበረ ነው።

የሰማያዊው ሠላሳ አንድ ቆርኪስ? ሃያ ሁለቱ «ሲሊንደር ተቀየረ» ይላሉ። ጋዙ የሚመጣለት በትንሽ ሲሊንደር ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል፤ ይህ እንደ ረኃብ ነው እንጂ እንደ በሽታ አይደለም። ሰባቱ «ፊልትሮ ተጸዳ» ይላሉ፤ የአየር ማጣሪያው ነው፣ ይህ ፊት መታጠብ ነው። እውነተኛ ብልሽት ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም በዚያው ቀን ተጠግነዋል። ልቡ የመጀመሪያው ልቡ ነው።

ከዚያ ወደላክሽልኝ መግለጫዎች ተመለስኩ። የነጩ ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ «ለሸጥነው ማሽን ሁሉ ስታክ እስከ አምስት ዓመት በነጻ እንቀይራለን» ይላል። ለገዢው ጥሩ ነው። ለአክሲዮን ባለቤቱ ግን ኩባንያው አንድ ማሽን ሸጦ በአምስት ዓመት ሰባት ልብ በነጻ ሊሰጥ ነው ማለት ነው። ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ይከስራል። የዚያ ሁሉ ልብ ዋጋ ከየት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከአዲሶቹ አክሲዮን ገዢዎች ኪስ ነው። ከእናንተ።

ሰማያዊውን ደግሞ ልፈትነው ብዬ ክፉ ክፉውን ፈለግሁ። አልደበቀኝም። ገጽ ዘጠኝ ላይ በትልቁ «እስካሁን የሸጥነው አሥራ ዘጠኝ ማሽን ብቻ ነው፤ ገና አላተረፍንም» ይላል። ጋዙንም የሚገዛው ከአንድ አቅራቢ ብቻ ነው፤ ያ አቅራቢ ቢያኮርፍ ሰማያዊው ይራባል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ኩባንያው ግን ገና ጥርስ እያወጣ ነው።

ይህን ሁሉ ከራሴ ብቻ አይደለም የምነግራችሁ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌውን ጄኔሬተሬን ሊገዛ የሚያስብ አንድ መሐንዲስ ማሽን ሊያይ መጥቶ ነበር። ከየትኛውም ኩባንያ አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፣ መነጽር ያለው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ። መዝገቡንና ጣሳዎቹን አሳየሁት። ገጽ በገጽ እየገለጠ አየ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «ማሽን ስንቴ ዝም እንዳለ ብቻ ቆጥረህ ነው የተሳሳትከው። የጠገበም ዝም ይላል፣ የሞተም ዝም ይላል። ለምን ዝም እንዳለ ነው የሚጠየቀው።» ስለ እናንተም ነገርኩት። «ሴቶቹ ነጩን አይንኩ። ሽቦ የሌለውንም ወረቀት አይንኩ። ሰማያዊው ላይ ከግማሽ በላይ አያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ጤነኛ ሕፃንም ሕፃን ነው። ቀሪው ግማሽ ባንክ ይቆይ፤ ሰማያዊው ሃምሳ ማሽን የሸጠ ቀን ደግመው ይምከሩ» አለ።

እኔ የምጨምርበት የለኝም። መሐንዲስ ከተናገረ በኋላ የጄኔሬተር ጠባቂ ምን ይላል?

ከዚህ ጋር የመቶ አራት ሰኞ ቁጥሮችን በእጄ ገልብጬ ልኬአለሁ። አለቃዬ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ፈርሞበታል፣ ማኅተምም አድርጎበታል። አንድ ቦታ ሰባቷን ገልብጬ ጽፌያታለሁ፤ አለቃዬ በቀይ አርሟታል። ከመቶ አራት አንድ ብቻ! ይህቺን ለጸሐፊሽ ንገሪልኝ።

የተሳሳተው ወንድምሽ

መጋቢት 3 ቀን

ለጋሼ፣

ድምፅ ሰጥተናል።

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት። ሻይ ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ያቺ ቆርኪ ሰብሳቢዋ «ወይኔ፣ ሦስት ሻይ!» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ሳቀ። ስጨርስ አጨበጨቡ። ጋሼ፣ እነዚህ ሴቶች አለቃቸው ሲናገር እንኳ ማሽናቸውን የማያቆሙ ናቸው። ለአንተ አቆሙ።

ገንዘብ ያዧ ከባድ ሰው ናት፣ ታውቃታለህ። ቁጥሮቹን ወስዳ ቤቷ አደረች። ማለዳ መጥታ «ማንም መሐንዲስ ባይናገርም እነዚህ ሁለት ዓምዶች ራሳቸው ይናገራሉ» አለች። የሷ ወረቀት ሦስት ድምፅ አገኘ። ነጩ አራት። ሃምሳ አምስታችን ግማሹን ለሰማያዊው፣ ግማሹን ባንክ ብለናል። የምንከፍለው መጋቢት 25 ነው።

አሁን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «በመሐንዲስ እገሌ ምክር» ብለን ልንጽፍ ስለሆነ ከመክፈላችን በፊት ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ላክልኝ። ሁለተኛ፣ አባላቱ ለመሐንዲሱ በገዛ እጃቸው ኮት እንዲሰፉለት ወስነዋል። ጨርቁ ተመርጧል፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ልኩን ለካልኝ። የትከሻ ስፋት፣ የክንድ ርዝመት፣ ደረት፣ ወገብ።

የግራ ትከሻውን በተለይ ደህና አድርገህ ለካ።

እህትህ

መጋቢት 11 ቀን

ለእህቴ፣

የግራ ትከሻውን በተለይ ያልሽበት ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወጥቼ ሽማግሌውን ዞርኩት። ከዚያ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው? ልጅ ሆነሽ «ጠግበሽ ነው ወይስ ሞተሽ» በምልሽ ቃል ላይ ነው የያዝሽኝ? መሐንዲሱን ሳናግረው ሌላ ቃል ላበጅለት ይገባኝ ነበር። የራሴን አፍ አውሼው ኖሯል።

እሺ። ልናዘዝ።

መዝገቡ እውነት ነው። ሁለቱ ዓምዶች እውነት ናቸው። ሦስቱ ቆርኪ፣ ሦስቱ ልብ፣ ሦስቱ ሻይ እውነት ናቸው፤ ሻዮቹ እንዲያውም ከምነግርሽ በላይ ጣፍጠውኝ ነበር። ገጽ ሠላሳ ስምንትና ገጽ ዘጠኝ እጅሽ ላይ ናቸው። ከክፍሉ ወንዶች አንደኛ መውጣቴም እውነት ነው፤ አስተማሪዬን መጠየቅ ይቻላል። እንዳታበዢው እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ መሐንዲሱን። በእውነቱ መስኮቱን ዘግቼ፣ ሁለቱን ጣሳ ከፊቴ አድርጌ፣ ብቻዬን ነበርኩ። «ለምን ዝም እንዳለ ነው የሚጠየቀው» የሚለውን ለራሴ ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ። ድመቶቹ ሰምተዋል። ግማሹን፣ ባንኩን፣ ሃምሳ ማሽኑን ራሴ ነኝ ያሰብኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሳሰፍረው አሳፈረኝ። አርባ አንድ ሴት በጣሳዬ አምናኝ ጣሳው ሲሳሳት፣ አሁን ደግሞ በአእምሮዬ እመኑ ልበል? ማን ያምናል? ስለዚህ ቃሌን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ አስገባሁት። መነጽር አደረግሁለት፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰካሁለት።

ታውቂኛለሽ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ከፍ ከፍ እያደረግሁ ዋሽቻለሁ፣ ማንም አልያዘኝም። አንዴ ራሴን ዝቅ አድርጌ ብዋሽ በትከሻዬ ተያዝኩ።

ለስድሳ አንዱ ከመጋቢት 25 በፊት ይህን አንብቢላቸው። መሐንዲስ ብለው ድምፅ የሰጡ ካሉ ድምፃቸውን መመለስ መብታቸው ነው። ዓምዶቹን ያንብቡ እንጂ እኔን አይመኑ፤ ገንዘብ ያዧ ልክ ናት። ደግመው ቢመክሩና ሌላ ቢወስኑ አልቀየምም። እቀየማለሁ፣ ግን ዝም ብዬ። ቃለ ጉባኤው ላይም «በመሐንዲስ» የሚለውን ሰርዙና «በጄኔሬተር ጠባቂ» ብላችሁ ጻፉ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። በገዛ ዓይኔ። በመነጽር።

አዎ፣ ገዛሁት። የመሐንዲሱ መነጽር እሱ ነው።

ልኩ ይኸውና። ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ አልነግርሽም፣ ክንድ ስድሳ አንድ። ትከሻ አርባ ስድስት፤ ግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ኮቱ እኩል ሆኖ እንዳይሰፋ።

መሐንዲሱ